ሰው በላው ሰውዬ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ምን ያደርጋል?

ዘጌ አስጎብኚ

ሰላም ለቤቱ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እንግዳ የማመላልስ አስጎብኚ ነኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ እንግዳው ብዙውን ሥዕል በፈገግታ ያልፈዋል። ጊዮርጊስን ያውቀዋል። ስቅለቱን ያውቀዋል። በላኤ ሰብእ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ይያዛል። «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል።

ታሪኩን ለማታውቁት ላሳጥረው። የቅምር አገር ሰው ነው። ሀብታምና እንግዳ ተቀባይ ነበር ይባላል። ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ ገባና ልጁን እንዲያርድ፣ ከሥጋውም እንዲቀምስ አደረገው። ከዚያ ወዲያ አእምሮው ዞረ። ቤተሰቡን በላ። ያገኘውን መንገደኛ በላ። 78 ሰው ጨረሰ። አንድ ቀን ገላው በቁስል የተመታ ድሃ አገኘ። ድሃው በጥም ሊሞት ነበርና ውሃ ለመነው። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጊዜ ልቡ ራራ። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሞቶ ሲመዘን 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን አሳረፈችበት። ውሃው ሚዛን ደፋ።

እንግዶቼ ይህን ሰምተው የሚጠይቁኝ ሁለት ነው። አንዳንዱ እየሳቀ «እንደ ሃኒባል ሌክተር ማለት ነው?» ይላል። እሱን ስቄ አልፈዋለሁ። ሌላው ግን ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እውነት እዚህ አገር ሰው ሰውን በልቶ ያውቃል?» ይለኛል። ለዚህኛው በደንብ መመለስ እፈልጋለሁ። ታሪክ የምታውቁ፣ ፊልም የምታዩ፣ እስኪ አውሩኝ።

እቴ ጎጃም

ምሳዬ ቀርቦልኝ ነበር። ተባረክ።

ፊልም ሱስ

ሌክተርን እንዲህ በሳቅ አትለፈው፣ ወንድሜ። እሱ ያለበት «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ አምስቱን ትልልቅ ኦስካሮች ጠርጎ የወሰደ ፊልም ነው። ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ወንድ ተዋናይ፣ ሴት ተዋናይ፣ ስክሪፕት። አስፈሪ ፊልም እንዲህ ሲሸለም ብርቅ ነው።

ፊልሙ ለምን ተሳካ? ሌክተር አልራበውም። ሐኪም ነው። ወይን ያውቃል፣ ሙዚቃ ያውቃል፣ ሲናገር ያምርበታል። የሚበላው ስለናቀ ነው። ተመልካቹ ይፈራዋል፤ ግን ትንሽ ትንሽ ይወደዋል።

ከዚያ በፊት የነበሩት የሰው በላ ፊልሞች ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበሩ። ጫካ፣ ራቁቱን የሆነ ጎሣ፣ የታሰረ ነጭ። የጣሊያኑ ሩጀሮ ዴዮዳቶ እ.ኤ.አ. በ1980 አማዞን ላይ አንድ ፊልም ሠራ። ከማስመሰሉ የተነሳ የአገሩ ፍርድ ቤት «ተዋንያኑን በእውነት ገድለሃል» ብሎ ያዘው። ሰዎቹ በሕይወት መኖራቸውን እስኪያሳይ ድረስ መከራውን በላ። ስማቸው በፊልሙ ለጠፋው ለአማዞን ነባር ሕዝቦች ግን ፍርድ ቤት የቆመላቸው የለም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ ዘጌ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። መልሱም አዎ ነው። ሆኖ ያውቃል። የሆነው ግን በረሃብ ነው።

አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ነው። በመጀመሪያ ከብት አለቀ። በሽታው የገባው በምጽዋ በኩል ነው፤ ጣሊያኖች ባስመጡት ከብት። ከመቶው ዘጠናው አለቀ ይባላል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀረ። ጥቂት የበቀለውን ደግሞ አንበጣና ተምች ጨረሰው። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ።

በእኛ በኩል ጦርነትም ተጨምሮበታል። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ ከሱዳን በመጣው ድርቡሽ ተሸነፉ። ደምቢያ ተዘረፈ። ጎንደር ተቃጠለች። በዓመቱ ደግሞ አፄ ዮሐንስ ጎጃምን ወጉ። የዚያን ዘመን ሠራዊት ስንቁ ከገበሬው ጎተራ ነው። እንግዲህ ከብቱ ያለቀበት፣ ጎተራው የተገለበጠበት ገበሬ ምን ይሆናል?

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ሲጽፉ ይህን አልሸፈኑትም። ሰው ሰውን እስከ መብላት እንደ ደረሰ ጽፈዋል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ እኮ ናቸው። ደብቀው ማለፍ ይችሉ ነበር። በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት በዘመኑ የነበሩትን የውጭ ሰዎች ምስክርነት ከአገር ውስጡ ጋር አሰባስበው አሳትመዋል። እሱም ያንኑ ይላል።

አንድ ነገር ልብ በል። ሰው እዚያ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። ቀጥሎ ሥራ ሥር ይቆፍራል፣ ቁርበት ይቀቅላል። ቀጥሎ የፈረስና የአህያ ሥጋ ይበላል። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። እያንዳንዷ እርከን ነውር ናት። ነውሩን አንድ በአንድ እየወረደ ነው ሰውዬው እታች የሚደርሰው።

ምኒልክ በሬ በማጣታቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለመኳንንቱ አሳይተዋል። እሱን ለእንግዶችህ ንገራቸው። በዚህ አገር ንጉሥ ዶማ ሲይዝ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘጌ አስጎብኚ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት ነው የምነግራቸው። ሳር ውሃን ግን ለፈረንጅ ማስረዳት ሊከብደኝ ነው።

ጡረተኛው መምህር

አታስረዳ። ጦርነት ነበር በል፤ ይበቃል።

ቀበሌ 11

ጋሼ ስለ ረሃብ ካነሱ እኔ ከዓባይ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለኝ። ሙያዬ ውሃ ነው፤ ለዚህ ነው ያገኘሁት።

ዓብድ አል-ለጢፍ የሚባል የባግዳድ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1202 ግብፅ ነበር። በ1200 ዓባይ ሳይሞላ ቀረ። ግብፅ በደንብ ለመዝራት ወንዙ 16 ክንድ ያህል መሙላት ነበረበት። ያን ዓመት 13 እንኳ አልደረሰም። ሙላቱ የሚሄደው ከየት ነው? ከእኛ ደጋ። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። (እግረ መንገዴን፦ እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ውሃው በሙሉ ከጣና የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከሐይቁ የሚወጣው ትንሹ ድርሻ ነው። ትልቁን የሚጨምሩት ወደ ታች ያሉት ገባሮች ናቸው።) እና እዚህ ክረምቱ ሲከዳ እዚያ ረሃብ ነው።

ሐኪሙ ያየውን ሁሉ ጽፏል። ልጆች እየተሰረቁ ይበሉ ነበር ይላል። የተያዘ ሰው በእሳት ይቃጠል ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። መጀመሪያ ሰዉ ሲሰማ ይዘገንነው ነበር፤ ቆይቶ ለመደው ይላል። የሰፈር ወሬ ሆነ። እገሌ ቤት እንዲህ ሆነ ተባለ፣ ሰው ሰምቶ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

እዚያው ግብፅ ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በኸሊፋው አል-ሙስተንሲር ዘመን፣ ሰባት ዓመት የቆየ ረሃብ ነበር። ያኔም ሰው ሰውን እንደበላ የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ጽፏል። ዐረቦቹ የሚተርኩት ነገር አለ። ኸሊፋው የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ልኮ «ውሃውን ልቀቁልን» አስባለ ይላሉ። ንጉሡም አዝዞ ተለቀቀ። ውሃ እንደዚያ እንደማይለቀቅ እኔ በሙያዬ እመሰክራለሁ። ትረካው ግን የት አገር ያለ ሰው ማንን ይፈራ እንደነበር ያሳያል።

ዓብድ አል-ለጢፍን ሳልጨርስ። ሐኪም ነውና በየሜዳው የወደቀውን አጽም መመርመር ጀመረ። ጋሌን የተባለው የጥንት ሐኪም የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር። አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሐኪም ሁሉ ይህንኑ ሲደግም ኖሯል። ይሄ ሰውዬ ብዙ መንጋጋ አገላብጦ አንድ አጥንት መሆኑን አየ። አስቡት እንግዲህ። ዙሪያው ሰው ሰው እየበላ፣ እሱ መንጋጋ ይቆጥራል። ጨካኝ ልበለው ጀግና እስካሁን አልወሰንኩም።

እቴ ጎጃም

እኔ ወስኛለሁ። ሐኪም ነው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

ሕግ ተማሪ

እኛ ክፍል ውስጥ የማያልቅ ክርክር የሚያስነሳ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የምትባል የእንግሊዝ ጀልባ ወደ አውስትራሊያ ስትሄድ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመች። አራት ሰዎች በትንሽ ታንኳ ቀሩ። ካፒቴኑ ደድሊ፣ ስቲቨንስ፣ ብሩክስና የ17 ዓመቱ ሪቻርድ ፓርከር። ንጹሕ ውሃ የላቸውም። ምግባቸው ሁለት ቆርቆሮ ቀይ ሥር የመሰለ አትክልትና አንድ የያዙት ኤሊ ነበር። ልጁ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ታመመ። ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ሲል ደድሊና ስቲቨንስ ልጁን ገደሉት። ሦስቱም በሉት። ከቀናት በኋላ መርከብ አገኛቸው።

ዕጣ እንኳ አላወጡም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ደካማው፣ ወላጅ የሌለው፣ በዕድሜ ትንሹ ተመረጠ። ሕዝቡ ግን አዘነላቸው። የሟቹ ወንድም ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጨበጣቸው። ዳኞቹ ደግሞ «ችግር ነፍስ ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም» ብለው ሞት ፈረዱባቸው። ከዚያ በምሕረት ወደ ስድስት ወር እስር ወረደ።

ጉድ የሚያሰኘው ኤድጋር አለን ፖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ባሳተመው ልብ ወለድ ባሕር ላይ የተራቡ ሰዎች አንዱን ይበላሉ። የተበላው ገጸ ባሕርይ ስሙ ሪቻርድ ፓርከር ነው። ከ46 ዓመት በፊት!

ፊልም ሱስ

ይሄንን አላውቅም ነበር። ፊልም ላይ ቢሆን ስክሪፕቱ ውሸት ነው ብዬ እዘጋው ነበር።

ፋርማሲስቷ

ሁላችሁም ስለ ረሃብና ስለ ገዳይ አወራችሁ። በመድኃኒት መልክ ስለተበላውስ?

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የግብፅ ሬሳ ተፈጭቶ ይሸጥባቸው ነበር። ሙሚያ ይሉታል። ለስብራት፣ ለውስጥ መድማት ይዋጣል። እውነተኛው የጥንት ሬሳ ሲያንስ ነጋዴዎቹ ትኩሱን እያደረቁ ይሸጡ እንደነበር ተጽፏል። አምብሯዝ ፓሬ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም «ይህ ነገር አይረባም» ብሎ ተቃውሟል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ደግሞ ከሰው ራስ ቅል የተጠመቀ ጠብታ ይወስድ ነበር። በ1685 ሊሞት ሲያጣጥርም ሰጥተውታል። አልተነሳም።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ስንል እነሱ ቃል በቃል ወስደውታል።

ይሄን ሲውጡ የነበሩት እኮ የአሜሪካን ነባር ሕዝብ ሰው በላ ብለው ሲወጉ የነበሩት ናቸው። ሞንቴን የተባለ የፈረንሳይ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1580 ይህን ነቅሶታል። የሞተን ሰው ከመብላት በሕይወት ያለን ሰው አሰቃይቶ ማቃጠል ይብሳል አለ። በአገሩ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሲተራረዱ እያየ ነው የጻፈው።

አንድ የሕክምና ነገር ደግሞ ልጨምር። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ፎሬ የሚባሉ ሕዝቦች የሞተ ዘመዳቸውን በለቅሶ ላይ ይበሉ ነበር። ከጥላቻ አይደለም። አፈር ከሚበላው እኛ እንብላው፣ ይሻለዋል በሚል ነው። አንጎሉን በብዛት የሚያገኙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከዚያ ኩሩ የሚባል በሽታ መጣ። መንቀጥቀጥ፣ መቆም አለመቻል፣ ሞት። በ1950ዎቹ መጨረሻ በየዓመቱ እስከ 200 ሰው ይሞት ነበር። የሚሞቱት በብዛት ሴቶች ስለነበሩ መንደሩ ሚስት አጣ። መንስኤው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው። መቀቀል አያጠፋውም። ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ከ40 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ዙሪያ ሁለት ኖቤል ተሰጥቷል፤ ለጋይዱሴክ በ1976፣ ለፕሩሲነር በ1997።

ልማዱን ከተዉት ቆይተዋል። እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ ይሄን ሳነብ የገረመኝ ሐዘናቸው ነው። ለቅሶ ላይ እኮ ናቸው። እኛ ንፍሮ እንቀቅላለን።

ዲያቆን ዘጣና

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳትረሱት ልመልሳችሁ። ታሪኩ ያለበት ተአምረ ማርያም በአፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። በላኤ ሰብእ እንዲህ ነው ከሕዝቡ ጋር የተዋወቀው። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት የሚነገረውም ለዚህ ነው። ሥዕሉን የሚያየው ማንበብ የማይችለው ምእመን ነው። በጥንቱ አሣሣል ክፉ ሰው በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል። ደግ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ዘጌ፣ ለእንግዶችህ ይህን አሳያቸው፤ ሥዕሉን ራሳቸው ማንበብ ይጀምራሉ።

ታሪኩ የሚነገረው ለሰው በላ አይደለም። «ኃጢአቴ ከዚህ በላይ ነውና አልመለስም» ብሎ ተስፋ ለቆረጠ ሰው ነው። ከዚህ በላይ የሚከፋ ኃጢአት ፈልገው ነው ይሄን ያመጡት።

መጽሐፍ ቅዱስም አልደበቀውም። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ሰማርያ ተከባ ሁለት ሴቶች በልጆቻቸው ተዋዋሉ። አንዷ ልጇን ሰጠች። ሌላዋ ተራዋ ሲደርስ ልጇን ሸሸገች። የመጀመሪያዋ ለንጉሡ ጮኸች። ንጉሡ ልብሱን ቀደደ። የአይሁድን ታሪክ በሚተርከው ዜና አይሁድ ላይም እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌም ስትከበብ የሆነውን ታገኙታላችሁ።

አንድ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አለ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሰው በላ እየተባሉ የሚገደሉት ክርስቲያኖች ነበሩ። ሮማውያን «ሥጋና ደም ይበላሉ» ሲባል ሰምተው በጨለማ ሕፃን ያርዳሉ ብለው አሰቡ። አቴናጎራስ ለንጉሠ ነገሥቱ መከላከያ ጽፏል። በ177 ሊዮን ላይ የተገደሉት ሰማዕታትም ይሄው ክስ ቀርቦባቸው ነበር።

ጥያቄ አለኝ

ዲያቆን፣ በአክብሮት ነው የምጠይቀው። ሰውዬው ዳነ። ደስ ይበለው። 78ቱስ? ሚስቱ፣ ልጁ፣ መንገደኛው። ለእነሱ ማን ቆመላቸው?

ዲያቆን ዘጣና

ታሪኩ አልረሳቸውም። ሚዛን ላይ ያስቀመጣቸው እሱ ራሱ ነው። ካልከበዱ እኮ ተአምር አያስፈልግም ነበር።

ጥያቄ አለኝ

ሚዛን ላይ መቀመጥና መናገር ይለያያል።

ፊልም ሱስ

ኧረ ይሄ ጥያቄ ላይ ቁም! ፊልም አለኝ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 1972 የኡራጓይ አውሮፕላን 45 ሰው ጭኖ አንዲስ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። የራግቢ ተጫዋቾችና ወዳጆቻቸው ናቸው። በረዶ ብቻ። ሣር የለም፣ ወፍ የለም። ፍለጋው መቆሙን በሬዲዮ ሰሙ። የሞቱትን ጓደኞቻቸውን በሉ። እርስ በርስም ተነጋገሩ፤ «እኔ ከሞትኩ ሰውነቴን ተጠቀሙበት» ተባባሉ። ከ72 ቀን በኋላ 16 ሰው ዳነ። ሁለቱ፣ ፓራዶና ካኔሳ፣ ተራራውን በእግራቸው ተሻግረው ቺሊ ውስጥ አንድ ባላገር ከብት ጠባቂ አገኙ። በመሃከላቸው ወንዝ ነበር። ሰውዬው ወረቀትና እርሳስ በድንጋይ አስሮ ወረወረላቸው፣ ዳቦ ወረወረላቸው፣ ከዚያ በበቅሎ ሄዶ ለፖሊስ ተናገረ። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት አይደለም አለች።

በ2023 የወጣው የባዮና ፊልም «ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው» ይህን ነው የሚያሳየው። ለአንተ ጥያቄ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ታሪኩን የሚተርከው ኑማ ቱርካቲ ነው። ኑማ ተራራው ላይ የቀረ ሰው ነው። ከተረፉት አይደለም። ዳይሬክተሩ አፉን ለሞተው ሰጠው። ሰው በሞተ ቁጥር የሟቹ ስም ከነዕድሜው ይመጣል። ሌክተርን አይቼ ሳልጨርስ ዳቦ ቆርሻለሁ። ይሄንን አይቼ ግን ለሁለት ቀን ስልኬን አላነሳሁም።

ጥያቄ አለኝ

ይኸው፣ ይሄን ነበር የምለው። ሊንኩን በውስጥ ላክልኝ።

የደንገል ልጅ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ልናገር።

እኔ ነገደ ወይጦ ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ነው ያደግኩት። አያቶቼ ደንገል ቆርጠው ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ሥጋውን ይበሉ ነበር። በዚህ ብቻ ሰው ከእኛ ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከእኔ ኩባያ ውሃ አይጠጣም ነበር። ማንንም አልከስም፤ ልጅ ነበርን።

ሰው በላ ማን ነው ስትሉ አንድ ነገር ግን ረስታችኋል። ቡዳ። በዚህ አገር «ሰው ይበላል» ሲባል የኖረው ማን ነው? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤል። ማታ ጅብ ሆኖ መቃብር ቆፍሮ ሬሳ ያወጣል ይባልባቸው ነበር። ማረሻህን የሚሠራልህ እሱ ነው። ምጣድሽን የምትሠራልሽ እሷ ናት። መሬት ግን የላቸውም። በክፉ ቀን በእውነት የተበላው ሰው ቁጥር ስንት ነው? በቡዳ ስም የተደበደበውና የተሰደደውስ?

ቀበሌ 11

ወንድሜ የደንገል፣ ልክ ብለሃል። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የእንግሊዙ ፍራንክሊን በሁለት መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ሄደ። 129 ሰው አብሮ ጠፋ። በ1854 ጆን ሬ የተባለ ሐኪም ከኢኑዊት ሰምቶ መጣ፤ «ሰዎቹ በመጨረሻ ተበላልተዋል» አለ። ቻርልስ ዲከንስ ተቆጣ። የእንግሊዝ መኮንን እንዲህ አያደርግም፣ እነዚያ አረመኔዎች ራሳቸው ገድለዋቸው ይሆናል ብሎ ጻፈ። በኋላ አጥንቶቹ ተገኙ። የቢላ ምልክት አለባቸው። በ2024 ደግሞ ከመርከቦቹ የአንዱ ካፒቴን የነበረው የፊትዝጄምስ መንጋጋ በዘረመል ተለየ። እሱም ላይ የቢላ ምልክት አለበት። ኢኑዊቶቹ እውነቱን ነበር የተናገሩት።

ኢኪያኖ የተባለው ባሪያ ሆኖ የተሸጠ አፍሪካዊ ደግሞ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ መርከቡ ላይ ሲወጣ የፈራውን ይናገራል። እነዚህ ነጮች ሊበሉኝ ነው ብሎ ነበር የፈራው።

ፊልም ሱስ

በጄምስ ብሩስም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ። ኢትዮጵያውያን ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው በጥሬው ሲበሉ አየሁ ብሎ ጻፈ። ሎንዶን ሳቀችበት፤ ውሸታም ተባለ። ጥሬ ሥጋ መብላታችን እንኳ አልተዋጠላቸውም።

እቴ ጎጃም

ሎንዶን ክትፎ ቤት ስንት እንደሆነ አሁን ቢያይ።

የደንገል ልጅ፣ አንተ የጻፍከውን ግን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እናቴ ሸክላ ሠሪዋን «ዓይኗን አትዩ» እያለች ነበር ያሳደገችን። እንስራውን ግን ከእሷ ነበር የምትገዛው።

ሕግ ተማሪ

አንድ ሰው ለምን የአማርኛ ፊልም አይሠራም በክፉ ቀን ላይ? ጥሬ ዕቃው ሁሉ እዚህ ክር ውስጥ አለ።

ፊልም ሱስ

አስቤበታለሁ። መብላቱን አላሳይም። የሰማርያዋን ሴት ዓይነት ክርክር ነው የማደርገው። ሁለት ጎረቤታሞች። አንዷ ሸክላ ሠሪ ትሆናለች። መንደሩ ረሃቡ ሲብስ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሷን ነው። ጋሼ መምህር፣ ስለዚያ ዘመን የገበሬ ቤት ዝርዝር የት አገኛለሁ? ጎተራው፣ ዕቃው፣ የገበያው ዋጋ።

ጡረተኛው መምህር

ስለ ዋጋ ገብረ ሥላሴም ፓንክረስትም አላቸው። ሁለቱም እኔ ቤት አሉ። መጽሐፍ ግን አላውስም። ያዋስኩት ሁሉ ቀልጦ ቀርቷል። መጥተህ እዚሁ አንብብ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርህ። ፊልምህ ውስጥ ዝናብ እንዳታዘንብ። ፊልም ሠሪ ሁሉ መጨረሻ ላይ ዝናብ ያዘንባል። በ1884 ዓ.ም. ዝናቡ ቢመጣም በሬው አልነበረም።

ፊልም ሱስ

እሺ ጋሼ፣ ዝናብ የለም። መቼ ልምጣ?

ጡረተኛው መምህር

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ። የደንገል ልጅም ካለህ አብረህ ና፤ ስለ ታንኳ የምጠይቅህ አለኝ። ጾም ነውና ምሳው ሽሮ ነው፤ ከአንድ ማዕድ እንበላለን።

እቴ ጎጃም

እኔስ አልተጠራሁም?